የቀጭኗ ታኮ

የለቃሚዎቹ አለቃ በዛብህ የሞተው አርብ ቀን ሰባት ሰዓት ላይ፣ ባርኔጣውን ፊቱ ላይ ደፍቶ በተኛበት ነው። በእንቅልፉ ሄደ፣ አልተሠቃየም ያሉ ነበሩ። ደረቱን ያላየ ሰው እንዲህ ማለት ይችላል።

መርማሪው መቶ አለቃ አሳምነው ግን አይቶታል። ከአሰላ ወደ ኢተያ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከወይዘሮ ሸዋዬ የኮክ ማሳ ሲደርስ፣ ሬሳው ከድንጋይ ካቡና ከማሽኗ አፍንጫ መካከል ገና አልወጣም ነበር። ከጎጃም ተዛውሮ አርሲ ከመጣ አራት ዓመቱ ነው። በጦር የሞተ አይቷል፣ በጥይት የሞተ አይቷል፤ የኮክ ሣጥን የጫነች ማሽን የገደለችው ሰው ግን ይህ የመጀመሪያው ነው።

ማሽኗን ሠራተኞቹ «ቀጭኗ» ይሏታል። ሦስት ጎማ አላት፤ ስፋቷ አንድ ሜትር አይሞላም። ሾፌሩ ከኋላ ቆሞ ይነዳታል፣ ከፊቱ ሣጥን የሚደረደርበት ዝርግ አልጋ አለ። ዛፎቹ ተጠጋግተው ስለተተከሉ ትራክተር በመካከላቸው አያልፍም። ድሮ የተለቀመውን ኮክ ከረድፎቹ መሐል የሚያወጡት የአባባ ከዲሮ አህዮች ነበሩ። ወይዘሮዋ ቀጭኗን ካስመጣች ወዲህ አህዮቹ ከአሥራ ሁለት ወደ ሁለት ወረዱ፤ ሽማግሌውም ኮክ ወደ ገበያ ከማመላለስ ሌላ ሥራ አልቀረለትም።

«ይኸውልህ፣ ነገሩ አልቋል» አለ የጣቢያው አዛዥ ሻምበል ገብረ መድህን፣ የቦቲ ጫማውን ጭቃ በእንጨት እየጠረገ። «ሾፌሩ አምኗል። ነገ ጠዋት በጭነት መኪና ወደ ፍርድ ቤት እልከዋለሁ።»

ሾፌሩ ጉቱ እጁን በገመድ ታስሮ ዛፍ ስር ተቀምጧል። ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። አሳምነው አጠገቡ ቁጢጥ አለ።

«ምን አደረግህ?»

«ታኮ ሳላደርግ ትቻት ወደ ጁምዓ ሄድኩ፣ ጌታዬ።» ታኮ በቁልቁለት የቆመ መኪና እንዳይንሸራተት ከጎማ ስር የሚሸጎጥ እንጨት ነው። «ሆን ብዬ ነው። እዚያ ካቡ ስር አርብ አርብ እንደሚተኛ አውቃለሁ።»

«ለምን?»

«ሚስቴን ገድሏል።»

«ሞልተሃት ነው የሄድከው ወይስ ባዶዋን?»

ጉቱ ጥቂት አሰበ። «ሞልቻት።»

«ስንት ሣጥን?»

«አልቆጠርኩም» አለ ጉቱ። አሳምነውም አልገፋበትም። ሰው ራሱን ለገመድ ሲያቀርብ ሣጥኑን መቁጠር እንዴት ይረሳል ብሎ በልቡ ያዘው እንጂ።

ወደ ማሽኗ ተመለሰ። አሥራ ሁለት ሣጥን ተጭኖባታል፣ በገመድ ስለታሰረ አንዱም አልወደቀ። ስድስቱ በግራ ጠርዝ፣ ስድስቱ በቀኝ ጠርዝ፣ መካከሉ ባዶ ነው። በረድፉ ግራና ቀኝ ያሉት ዝቅተኛ ቅርንጫፎች በሣጥኖቹ ቁመት ልክ ተገሽልጠዋል። የእጅ ፍሬኗን ነካ፤ ጥርቅም ብሎ ተይዟል። ዳገቱን ሲወጣ ጭቃው ላይ የጎማ ጥርስ አላየም፤ ከላይ እስከ ታች ልሙጥ ነው። ማሽኗ ተንሸራተተች እንጂ አልተሽከረከረችም።

ከላይ፣ ቀጭኗ ቆማ ከነበረችበት ቦታ፣ ከፊት ጎማው አሻራ ፊት አንድ ጉድጓድ አገኘ። የታኮ ጉድጓድ ነው፤ ጠርዙ ቢላ የቆረጠው ይመስላል። እንጨቱ ግን የለም። አሳምነው ሣሩን ፈተሸ፣ ቦዩን ፈተሸ፣ ከካቡ ማዶም ተሻግሮ አየ። የለም።

ወይዘሮ ሸዋዬን በረንዳዋ ላይ ተቀምጣ አገኛት። ባሏ ከሞተ ጀምሮ ማሳውን ብቻዋን የምታስተዳድር፣ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ የምትከናነብ ሴት ናት።

«ግጭቱን ሰምተዋል?»

«ሰምቻለሁ። የግድግዳ ሰዓቴ ሰባት ሲመታ ነው። ምነው ባልሰማሁት።»

«ሠራተኞቹ ወደ መስጊድ የወጡት ስንት ሰዓት ነው?»

«አርብ ሁሌም ከስድስት ተኩል በፊት ይወጣሉ። ማሳው ውስጥ በዛብህና የመጋዘኑ ደመቀ ብቻ ይቀራሉ።»

«የጉቱ ሚስት እንዴት ሞተች?»

ሴትዮዋ ነጠላዋን ሳብ አደረገች። «አስያን ነው? የአባባ ከዲሮን ልጅ? አምና በዚሁ በግንቦት። ለቃሚ ነበረች። በዛብህ ጥድፊያ ይወድ ነበር፤ ታኮ ማድረግና ማንሳት ጊዜ ይበላል ብሎ እንጨቱን እሳት ውስጥ ጣለው። ሁለት ቀን አልቆየም፣ ማሽኗ ሸርተት አለችና ልጅቷን ካቡ ላይ አጣበቀቻት። ሽማግሌዎች ለጉማ ቢጠሩት እምቢ አለ።»

ጉማ በአርሲ ደም የሚደርቅበት ሥርዓት ነው። የገዳይ ወገን ጥፋቱን አምኖ ይቀመጣል፣ ይክሳል፣ ከዚያ ይታረቃሉ።

«ምን ብሎ እምቢ አለ?»

«ያለውን መድገም ያሳፍረኛል። ‹እኔ መች ገደልኳት፣ ጉማችሁን ከማሽኗ ተቀበሉ› ነው ያላቸው። እኔም ዝም አልኩ። መከሩ እንዳይቆምብኝ ብዬ ዝም አልኩ፣ መቶ አለቃ።»

ደመቀ የመጋዘን ኃላፊ ነው፤ ከደብረ ብርሃን መጥቶ እዚሁ የቀረ፣ ቀጭንና ፈሪ። ጫማው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ነው።

«ሰባት ሰዓት ላይ የት ነበሩ፣ አቶ ደመቀ?»

«መጋዘን።»

«መጋዘኑ ሲሚንቶ ነው። ይህን ጭቃ ከየት አመጡት?»

ደመቀ ላብ አሰመጠው። «በዛብህ ሊያስባርረኝ ነበር፣ ሁሉም ያውቃል። ድምፁን ስሰማ ሮጬ ሄድኩ። አየሁት። ከዚያ... በእኔ ያሳብቡታል ብዬ ተመልሼ በሩን ዘጋሁ። ይህ ነው ጥፋቴ።»

«ሌላ ሰው አላዩም?»

«ከላይ፣ ከዛፎቹ መሐል ጋቢ የለበሰ ሰው አየሁ መሰለኝ። በዚህ ብርድ ጋቢ የማይለብስ ማን አለ? እርግጠኛ አይደለሁም።»

መስጊዱ ከማሳው የሩብ ሰዓት መንገድ ነው። አዛን የሚያደርገው ሁሴኖ ፊቱ ላይ ጠባሳ ያለበት፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው።

«ጉቱ መጥቶ ነበር?»

«ከአዛን በፊት ነው የደረሰው። ከፊት ተቀመጠ። ፎጣውን አጠገቡ ዘርግቶ ቦታ ይዞ ነበር።»

«ለማን?»

«እሱን ራሱን ጠይቀው» አለ ሁሴኖ፣ ዓይኑን ወደ ምንጣፉ መልሶ።

ሲመሽ አሳምነው አባባ ከዲሮን በግቢው በር አገኘው። ሽማግሌው ለማታ ገበያ አህያዋ ላይ ቅርጫት እየጫነ ነበር። አንዱን ቅርጫት በቀኝ በኩል ሰቅሎ በትከሻው ደግፎ ያዘ፤ ሁለተኛውን በግራ ሰቀለ፤ ከዚያ ነው ገመዱን ያጠበቀው። አህያዋ ንቅንቅ አላለችም።

«እግዜር ያጥናዎት፣ አባባ። የአምናውን ሰምቻለሁ።»

«አሜን፣ ልጄ።»

«ዛሬ ጁምዓ ነበሩ?»

«ነበርኩ።» ሽማግሌው የገመዱን ጫፍ በጣቱ አሸ። «ልጁን ምን ታደርጉታላችሁ? ታኮ መርሳት ያጋጥማል እኮ። አላህ ያመጣው ነገር ነው።»

«ረሳሁ አላለም፣ አባባ። ሆን ብዬ ነው አለ። ቃሉን ካልለወጠ ስቅላት ነው።»

የከዲሮ እጅ ገመዱ ላይ ቀረ። አሳምነው ያን እጅ አየ፤ ሥራውን ከጀመረ ወዲህ ያንን ቀን ያህል ልክ ባልሆንኩ ብሎ ተመኝቶ አያውቅም።

ጠዋት የጭነት መኪናው መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። አሳምነው ሻምበሉን ግማሽ ሰዓት ለምኖ ሁሉንም ቀጭኗ በተነሳችበት በዘጠነኛው ረድፍ አናት ሰበሰባቸው። ወይዘሮ ሸዋዬ፣ ደመቀ፣ ሁሴኖ፣ አባባ ከዲሮ መጡ፤ ጉቱ በሁለት ፖሊሶች መካከል ቆመ። ቀጭኗን ወደ ቦታዋ መልሰው ባዶዋን አቁመዋታል፣ ፍሬኗ ተይዟል፣ ከፊት ጎማዋ ስር አንድ ድንጋይ አለ። ሰማዩ ጠቁሯል።

«ዝናቡ ሳይመጣ ይህን ኮክ እናንሳ» አለ አሳምነው። «አቶ ደመቀ፣ እስኪ ስድስት ሣጥን ይጫኑ።»

ደመቀ ግራ ገብቶት ጫነ። ከኋላ ጥግ ጀምሮ አንዱን በአንዱ ላይ ቆልሎ ግድግዳ ሠራ። አሳምነው አስወረደው። የጉቱን ገመድ አስፈታና እሱን አስጫነው። ጉቱ ከመካከል ጀመረ፣ ሣጥኖቹን በአንድ መስመር ደረደረ፤ ጠርዙ ላይ አንድም አላስቀመጠም። ያም ወረደ።

«አባባ፣ እርስዎም ያግዙን።»

ሽማግሌው ጋቢውን በግራ ብብቱ ስር አጥብቆ ይዞ አንዱን ሣጥን በቀኝ ጠርዝ አኖረ። ዞሮ ሁለተኛውን በግራ ጠርዝ አኖረ። ሦስተኛውን በቀኝ፣ አራተኛውን በግራ። መካከሉ ባዶ ቀረ።

ጉቱ ፊቱን አዞረ።

«ይብቃ» አለ አሳምነው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሻምበል፣ ጉቱ ዋሽቶናል። የዋሸው ራሱን ለማዳን ግን አይደለም። ታኮ አላደረግሁም አለ፤ የታኮው ጉድጓድ ይኸው፣ ትናንት አይቼዋለሁ። ሚስቱ በታኮ እጦት የሞተችበት ሰው ታኮ አይረሳም። ሞልቼ ሄድኩ አለ፤ ስንት ሣጥን ስለው አላወቀም። ደግሞም ይህች ማሽን ተጭና ያለ ታኮ ስትቆም ይዩ።»

በቡትስ ጫማው ድንጋዩን ገፋው። አራት ሣጥን ብቻ የጫነችው ቀጭኗ ወዲያው ተንሸራተተች፤ ፖሊሶቹ ተረባርበው ያዟት፣ ድንጋዩም ተመለሰ።

«ትናንት አሥራ ሁለት ነበር። ጉቱ ከስድስት ተኩል በፊት ወጥቶ ከአዛን በፊት መስጊድ ገብቷል፤ ወይዘሮ ሸዋዬ ግጭቱን የሰሙት ሰባት ሲመታ ነው። ግማሽ ሰዓት አትጠብቅም። ባዶዋን፣ ታኮዋን አድርጎላት ሄደ፤ ሌላ ሰው መጥቶ መሬት ላይ የነበሩትን ሣጥኖች ጫነባት።»

«ለምን ይጭናታል? ፍሬኑን መልቀቅ አይችልም ነበር?» አለ ሻምበሉ።

«ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ፍሬኑ እንደተያዘ ነው ያገኘሁት፣ ጭቃውም ልሙጥ ነው። ጉቱ ቢሆን በአንድ እጁ ይለቃት ነበር። ይህን ያደረገው ሰው ማሽኗን አያውቃትም። የሚያውቀው መጫን ነው። ፍሬኑ እስኪያቅተው ጫነባትና ታኮውን ነቀለ። የጫነውም እጁ እንደለመደው ነው፤ ደመቀ መጋዘን እንደሚቆልለው አይደለም፣ ጉቱ ቅርንጫፍ እንዳይነካ በመካከል እንደሚደረድረውም አይደለም። አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግራ፣ ጭነቱ እንዳያጋድል። ዕድሜውን ሙሉ አህያ የጫነ ሰው ነው።»

ሁሴኖ አቀርቅሮ ነበር።

«ጉቱ አጠገቡ ፎጣ ዘርግቶ የጠበቀው አማቱን አባባ ከዲሮን ነው» አለ አሳምነው። «ዘግይተው ነበር፤ ሞቱን ሲሰማ ገባው። የቀረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ታኮውን አላገኘሁትም።»

አባባ ከዲሮ የግራ ክንዱን አላላ። ከጋቢው ስር አንድ የወይራ ጉማጅ አወጣ፣ ባንድ ወገን የሾለ፣ በእጅ ብዛት የለሰለሰ።

«ይኸው። አስያ ስትሞት ጉቱ የጠረበው ነው። ጭቃ ውስጥ ልጥለው አልሆነልኝም።» ወደ ወይዘሮዋ ዞረ። «ጉማህን ከማሽኗ ተቀበል አለኝ፣ እትዬ። ዓመት ሙሉ አሰብኩበት። ተቀበልኩ። ሰዉ አደጋ ነው ይላል ብዬ ነበር፣ እንደ ልጄ ሞት። ይህ ልጅ ራሱን እንደሚሰጥ መች አወቅሁ? ዛሬም እንጨቱን ይዤ የመጣሁት ልናገር ነው፤ ሣጥን ባታስነሳኝም እናገር ነበር።»

«አባባ፣ ለምን ተናገርክ?» ጉቱ እያለቀሰ ነበር። «እኔ ምን ቀረኝ? እሷ እንደሆነች ሄዳለች።»

«አንተ ቀርተሃል። ልጄ የተወችልኝ አንተን ነው።»

ሽማግሌው ጉልበቱን ይዞ ወደ ማሽኗ ወረደ። ታኮውን ከድንጋዩ ጎን ሸጎጠ፤ በተረከዙ መታ መታ አድርጎ አጠበቀው፣ ድንጋዩን አንስቶ ጣለ፣ ከዚያ ማሽኗን በመዳፉ ገፋ አድርጎ ሞከራት። ንቅንቅ አላለችም።

«አሁን አትሄድም» አለ።

ሁለት እጁን አንድ ላይ አድርጎ ወደ አሳምነው ዘረጋ። ፖሊሶቹ ያመጡት ገመድ አንድ ብቻ ነው፤ ከጉቱ የፈቱት። አሳምነው ከመሬት አነሳውና ራሱ አሰረው፣ እንዳይጎዳው አላልቶ።