ላሲና ያልተሳደበበት ሐሙስ

መረብ ኳስ የሚሉት ጨዋታ ጣት ይሰብራል። ሰው ነግሮኝ አይደለም፣ በዓይኔ አይቻለሁ። የጎረቤታችን ልጅ ሌባ ጣቷ እንደ ዝንጅብል ተጣሞ ቀርቷል። የልጅ ልጄ ራስማታ ደግሞ ልብስ ሰፊ ናት፤ ኑሮዋ በጣቶቿ ነው። ስለዚህ ሐሙስ ሐሙስ አመሻሽ ላይ ከጓደኞቿ ጋር ልትጫወት ወደ ሠፈራችን ጂም ስትሄድ፣ ለወለምታ የማሽበትን የሺያ ቅቤዬን በቆርቆሮ ይዤ እከተላታለሁ። ግድግዳው ሥር ካለው አግዳሚ ላይ እቀመጥና ኳሱ በተነሣ ቁጥር እጮኻለሁ።

«ያባ፣ እርስዎ እኮ ከዳኛው ፊሽካ በላይ ነው የሚሰሙት!» ይሉኛል ጓደኞቿ። አያት መሆኔን አይተው፣ በእኛ በሞሲ ጎሣ አጠራር ሁሉም ያባ ነው የሚሉኝ።

ይሳቁ። እናትና አባቷ ኮትዲቯር የካካዎ እርሻ ላይ ናቸው። ጡት ከጣለች ጀምሮ ያሳደግኳት እኔ ነኝ፤ እኔ ካልተጨነቅኩላት ማን ይጨነቅላታል?

ጣቷን ስጠብቅ ግን ልቧ አመለጠኝ።

ላሲና ድራቦ ከቱጋን የመጣ የሳሞ ጎሣ ልጅ ነው። ወደ እኛ ከተማ ወደ ኩዱጉ የመጣው ለሥራ ነው፤ በሞተር ብስክሌት ከመንደር መንደር እየዞረ ከብት ይከትባል። ረጅም ነው፤ ሲሄድ ትንሽ ጎበጥ ይላል፤ አፉ ግን አይጎብጥም። ሞሲና ሳሞ ሲገናኙ ደግሞ ሰላምታቸው ስድብ ነው። አያቶቻችን ተማምለውበታል ይባላል፤ አንዱ ሌላውን ያሻውን ይበለው፣ የተቀየመ ግን ነውረኛ ነው። በሠርግም በለቅሶም እንሰዳደባለን። ፍቅራችን በዚያው ነው።

ላሲናም ገና ከበሩ ላይ ሆኖ ይጀምራል።

«አንቺ አሮጊት አሽከሬ! ያቺን ሌላዋን አሽከሬን ይዘሽልኝ መጣሽ?»

«አንተ የውሻ ራስ ቀቃይ! መጀመሪያ ጎንበስ በልና የጌታህን ጫማ ጥረግ» እለዋለሁ፤ ሳሞ ውሻ ይበላል እያልን ነው የምናፌዝባቸው።

«ራስማታ፣ ዛሬ እኮ ላገባሽ ነው የመጣሁት።»

«በቅድሚያ ታጠባ! በሬ በሬ ትሸታለህ።»

አዳራሹ በሳቅ ይፈርሳል። እሱም አብሮ ይስቃል። እኔ ግን ባረጅም ዓይኔ ደህና ነው። የሌላው ሳቅ ሳያልቅ የሱ ቀድሞ ያልቃል፤ ዓይኑም እሷ ላይ ትንሽ ይዘገያል።

የሞሲዎቹ ቡድን ኳስ አቀባይ አልነበረውም። ስለዚህ ላሲናን «ምርኮኛ ነህ» ብለው ከነሱ ጋር አሰለፉት፤ ወገኖቹ ሳሞዎች ከመረቡ ማዶ ሆነው ይሰድቡታል። ኳሱን ለራስማታ ሲያነሣላት ወደ እሷ አያይም። እጇ የት እንደሚደርስ ግን ከእሷ ቀድሞ ያውቃል። ትዘላለች፤ አየር ላይ አፍታ የቆመች ትመስላለች፤ ትመታለች። ከዚያ በኋላ ነው የሚተያዩት። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ቶሎ ብለው፤ የሞቀ ድስት በባዶ እጅ እንደነካ ሰው ዓይናቸውን ይመልሳሉ።

በዚህ መሀል ነው ትንሹ ልጄ ኢድሪሳ፣ የራስማታ አጎት፣ ማክሰኞ ዕለት ቤቴ የመጣው። አባቷ በሌለበት የእሷ ነገር በሱ እጅ ነው።

«የእህል ነጋዴው ልጅ ፈልጓታል» አለኝ። «እሁድ ሽማግሌዎቹ ልጅቷን ሊጠይቁ የኮላ ፍሬ ይዘው ይመጣሉ። ልጅቷ ሌላ ሰው ካላት እስከዚያ ትንገረኝ፤ አላስገድዳትም። የሰዎቹን ኮላ ከተቀበልኩ በኋላ ግን ቃሌን አላጥፍም።»

ሲወጣ ስፌቷ ላይ እንዳቀረቀረች ጠየቅኳት።

«ሰው አለሽ?»

«የለኝም።»

«ያ ሳሞስ?»

ሳቀች። ዓይኗን ግን ከስፌቷ አላነሣችም። «እሱ ያልጠየቃት ሞሲ አለች እንዴ ያባ? ባለፈው ጂሙ በር ላይ ውሃ የምትሸጠዋን ሴትዮ ‹አገባሻለሁ› ሲላት አልሰማሽም? አንቺንስ ስንቴ ጠይቆሻል?»

እውነቷን ነው። እኔንማ የሠርጉን ቀን ሁሉ ቆርጦልኛል።

«ከልቡ ቢሆንስ?»

መርፌዋን አቆመች። «በምን ልወቀው? ሳሞ ለሞሲ እውነት ሲናገር በምን ይለያል?»

ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ዞር ብላ ዓይኗን በጨርቁ ጫፍ ጠረገች። ያየኋት አልመሰላትም።

ሐሙስ መጣ። ቀድመን ደረስን። ላሲና ገባ። እኔም ስድቤን አዘጋጅቼ ጠበቅኩት።

ወደ አግዳሚው መጣ፤ ጎንበስ አለ፤ «እንደምን አመሹ እናቴ? ጤናዎ እንዴት ነው?» አለኝ።

የቅቤ ቆርቆሮዬን አስቀመጥኩ።

«ማን ሞተ?» አልኩት።

«ማንም አልሞተም እናቴ።»

«አመመህ?»

«ደህና ነኝ፤ አልሐምዱሊላህ።»

ወደ ራስማታ ዞረ። «እንደምን አመሸሽ ራስማታ?»

ቀሪውን ጠበቀች። እኛም ጠበቅን። ቀሪው አልመጣም።

«ይኸው ነው?» አለችው።

«ይኸው ነው።»

ሹክሹክታው ከግድግዳ ግድግዳ ዞረ። ሳሞው ተቀይሟል! እንዲህ ያለ ነገር በዕድሜዬ አልሰማሁም። ሳሞ ሞሲን መስደብ ከተወ በመካከላቸው የቀረ ነገር የለም ማለት ነው፤ ለባዕድ ብቻ ነው እንዲያ በትሕትና የሚናገሩት።

ጨዋታው ተጀመረ፤ ግን ጨዋታ አልሆነም። ላሲና ኳሱን እንደ እንቁላል እየተጠነቀቀ ሲያነሣላት፣ አንዴ ከፍ ይልባታል፣ አንዴ ይርቅባታል። ራስማታ ዘላ አየር መታች። ደግማ ዘላ መረብ ውስጥ ከተተችው። ሁለቱ ባንድ ኳስ ሥር ተገናኝተው ሁለቱም «ላንቺ»፣ «ላንተ» ሲባባሉ ኳሱ መሀላቸው ወደቀ።

«ምን አደረግኩህ?» አለችው ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«ምንም።»

«አስቀይሜህ ከሆነ ስደበኝና ይውጣልህ!»

«አልተቀየምኩም። ዛሬ መሳደብ አልፈልግም።»

ፊቷ ሲለወጥ አየሁት። በሩን ፊቷ ላይ የዘጋባት ያህል ነበር።

«እንግዲያው ወደ ወገኖችህ ሂድ» አለችው። «ምርኮኛ አይደለህም።»

አንገቱን ደፍቶ በመረቡ ሥር ወደ ማዶ ተሻገረ።

ለዕረፍት ሲወጡ፣ ለልጆቹ ያመጣሁትን የማሽላና የዝንጅብል መጠጥ ልቀዳለት እንደሆነ አስመስዬ እጅጌውን ያዝኩት።

«ተቀመጥ። ምን ነክቶሃል?»

ኩባያውን በሁለት እጁ ያዘ። «እወዳታለሁ እናቴ። ነገርኳት፤ ሳቀች። ደግሜ ነገርኳት፤ አዳራሹ በሙሉ አጨበጨበልኝ። በበዓል ማግስት ቤታችሁ መጥቼ በሩ ላይ ነገርኳት፤ ‹የውሻ ሥጋ ጠግበህ ነው› አለችኝ። ታዲያ ምን ላድርግ? ቀልዱን ብተው ቃሌ እሷ ዘንድ ይደርሳል ብዬ ነው።»

«አንተ ጅል! ቀልዱን ስትተው እሷን የተውካት መሰላት እኮ!»

ኩባያውን ሳይጠጣ አስቀመጠ። ያዘነ ልጅ ሳይ ምላሴን መያዝ አልችልም፤ የእሁዱን ነገር፣ የነጋዴውን ኮላ፣ የኢድሪሳን ቃል ሁሉንም አፈሰስኩለት። ፊቱ ዓመድ መሰለ።

«ስቀልድ አታምነኝም» አለ። «ዝም ስል ትሸሸኛለች። ምን ልበላት?»

«እኔ እንጃ ልጄ። እኔ የማውቀው መጨነቅ ብቻ ነው።»

ፊሽካው ተነፋ። ቦታ ቦታቸውን ያዙ። ራስማታ ከመረቡ ሥር ቆማለች፤ ላሲናም ከማዶ ፊት ለፊቷ። በመሀላቸው ያለው ክር ብቻ ነው። አንዱ ልጅ ሊለጋ ኳሱን ከፍ ሲያደርግ ላሲና እጁን አነሣ።

«አንዴ ያዙልኝ።»

ዳኛው ፊሽካውን ከአፉ አወጣ።

«ራስማታ» አለ ላሲና።

«አቤት አቶ ላሲና» አለችው። «ምን ፈለጉ?»

አይ ልጄ! «ፈለጉ» አለችው! ከዚያ ሁሉ ስድብ አንዱ እንኳ እንደዚያች ቃል አይወጋም። እሱ ግን አልተመለሰም።

«እኔ ላሲና፣ የድራቦ ልጅ፣ የቱጋኑ ሳሞ፣» አለ ሁሉም በሚሰማው ድምፅ፣ «የሞሲዋ የራስማታ አሽከር ነኝ። እመቤቴ አንቺ ነሽ።»

ኳሱ ከለጊው እጅ አመለጠ። እየነጠረ ሄዶ ግድግዳው ጥግ ቆመ። ማንም አልተከተለውም።

ይህን ነገር እንዴት ልንገራችሁ? በእኛ ስድብ ውስጥ ሁሉም ነገር ይባላል። እናት ትሰደባለች፣ አፍንጫ ይሰደባል፣ ሬሳ ሳይቀር ይሰደባል። «ተሸነፍኩ» ብቻ አይባልም። ጌታው ሳሞ ነው ወይስ ሞሲ የሚለው ክርክር ከአያቶቻችን ጀምሮ አላለቀም፤ አንድም ሰው ለቀልድ እንኳ ለቅቆ አያውቅም። ሰው ሲቀልድ የማይለው ነገር ይህ አንድ ብቻ ነው።

መጀመሪያ የጮኸው የአገሩ ልጅ ሴኩ ነበር። «ላሲና! አያቶቻችንን ሸጥካቸው እኮ!» አለና ሁለት እጁን አናቱ ላይ ጭኖ ወለሉ ላይ ዘጭ አለ። «ቱጋን ቢሰማ መንደር አትገባም!»

«ካላስገቡኝ እዚህ እቀራለኋ» አለ ላሲና። ዓይኑን ከእሷ አላነሣም።

የእኛዎቹ ልጆች ሊያጨበጭቡ ሲሉ ራስማታ እጇን ዘረጋች።

«ዝም በሉ!»

በሌላው እጇ መረቡን ጨብጣ ነበር።

«ድገመው» አለችው ቀስ ብላ።

ደገመው። በዚህኛው ጊዜ ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር፤ ለእሷ ብቻ እንደተነገረ።

«ይህን ውሃ ለምትሸጠዋ ሴትዮም ብለሃታል?»

«እሷን አገባሻለሁ ነው ያልኳት። አሽከርሽ ነኝ አልኳት?»

ተያዩ። እንዲህ ያለውን ዓይን አውቀዋለሁ፤ ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና፣ አንድ ጊዜ በጉድጓድ ውሃ አጠገብ እንደዚያ አይቶኝ ነበር። በመጨረሻ ራስማታ ፈገግ አለች። ዕንባዋ ከፈገግታዋ ቀደመ።

«አንተ የውሻ ራስ ቀቃይ» አለችው። «ዛሬውኑ ለአጎቴ ሰው አለኝ ብዬ እነግረዋለሁ። እሁድ ሽማግሌዎችህን ይዘህ ና። ኮላውም ያልደረቀ ይሁን።»

«ጎህ ሲቀድ ደርሻለሁ!»

«ጎህ ሲቀድማ የሚመጣው ሌባ ነው!» ብዬ ከአግዳሚው ጮህኩ። «ሰው እንደ ሰው ረፋድ ላይ ይመጣል!»

«አንቺ አሮጊት አሽከሬ፣ አንቺን ማን ጠየቀሽ!» አለኝ። ጌታነቱን የለቀቀው ለእሷ ብቻ ነበር፤ ለእኔ ከቶ አልለቀቀም። እንደዚያ ስድብ ጆሮዬን ያስደሰተኝ ነገር የለም።

ሳሞዎቹ «ከእኛ ጋር አትቆምም፣ ከሃዲ!» ብለው አባረሩት። በመረቡ ሥር ተመልሶ ሲሻገር ራስማታ በእኔ በኩል ባለው ጠርዝ ጠበቀችው። ወደ ጆሮው ጠጋ አለች።

«እኔም አሽከርህ ነኝ» አለችው። «ለሰው ብትናገር ግን አለቀልህ።»

እኔ ቀና ብዬ የጣሪያውን መብራት አየሁ። ምንም አልሰማሁም፤ ደንቆሮ ነኝ። ምን ልበል?

ኢድሪሳ በበነጋው ለእህል ነጋዴው በክብር መልእክት ላከ፤ ሰዎቹም ቅር ሳይሰኙ ቀሩ። እሁድ ረፋድ ላይ የላሲና አጎቶች ኮላቸውን ይዘው ሲመጡ እንደ ወጋችን በር ዘግተን ሰደብናቸው፤ እነሱም ሰደቡን፤ ከዚያ ተቃቅፈን ገባን። የሠርጉ ዕለት ደግሞ ከቱጋን የመጡት አክስቶቹ ነገር ፍለጋ ሙሽራውን ከበቡት።

«አንተ ነህ አሉ ለሞሲ የተንበረከክኸው! ልጅቷስ? እሷ ምን ብትልህ ነው?»

ላሲና ወደ ራስማታ አየ። ራስማታ ወደ መሬት አየች።

«ምንም አላለችኝም» አለ። «ሳቀችብኝ።»

አክስቶቹ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ አሮጊት፣ እዚያው ነበርሽ አይደል? ምን አለችው?»

«እኔ ምን እሰማለሁ፣ ጆሮዬ ደክሟል» አልኳቸው፤ ደህና አድርጌም ሰደብኳቸው። ለሞሲዎችም ቢሆን አልተናገርኩም። እናንተም አደራ።