በነጭ ሽንኩርቱ ፈንታ

ልጅቷ በየምሽቱ ጨው ትወቅጥ ነበር።

ጨዉ መወቀጥ አስፈልጎት አይደለም። ማዕድ ቤቱንና ሳሎኑን የሚለየው አንድ ስስ መጋረጃ ነው፤ ከመጋረጃው ወዲያ አባቷ ወንበሩ ላይ ሆኖ ሬዲዮ ያዳምጣል። የዘነዘናው ድምፅ ሲጀምር ሬዲዮውን ዝቅ ያደርጋል። ሲያበቃ ደግሞ፣ «እሰይ! አሁን ገና ቤቱ ቤት ቤት ሸተተ» ይላል። ባዶውን ሙቀጫ ብትወቅጠው እንደ ደወል ስለሚጮኽባት ነበር ቁንጥር ጨው ጣል የምታደርግበት። ምግቡ ውስጥ የሚገባው የነጭ ሽንኩርት ዱቄት ከስኳሩ ቆርቆሮ ጀርባ፣ በትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ተደብቆ ይቀመጣል።

አባቷ ዕድሜውን በጭነት መኪና ላይ የፈጀ ሾፌር ነበር። ሚስቱ ከሞተች በኋላ እህል አልወርድለት ብሎ ከሰውነት ተራ ወጥቶ ነበር። አንድ ቀን ልጅቷ፣ እናቷ ታደርገው እንደነበረው፣ እርጥብ ነጭ ሽንኩርት በድንጋይ ሙቀጫ ወቅጣ ሾርባ ብትሠራለት ሳህኑን አሟጦ በላና አለቀሰ።

«የእሷ እጅ አንቺ ላይ ቀርቷል» አላት። «ከመንገድ ስመለስ ገና ከበሩ ነበር የሚሸተኝ። በይ፣ ዱቄት ምናምን የሚሉትን እዚህ ቤት እንዳታስገቢ። የሰነፍ ሥራ ነው።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ሙቀጫው አላረፈም።

ችግር ያመጣው ሥራዋ ነው። እሷ የሙሽራ ቀሚስ ላይ ዶቃ ትሰፋለች። የነጭ ሽንኩርቱ ጭማቂ የጣቶቿን ጫፍ ይልጠው ጀመር፤ የተላጠው ቆዳ ደግሞ ሐሩን እየያዘ ይጎትታል። ሽታውን ሎሚም ሳሙናም ሊያስለቅቁት አልቻሉም። ጓንት ብታደርግ ጓንቱም ሸተተ። አንድ ቀን አንዲት ሙሽራ ቀሚሷን እየለካች ሳለ ትከሻዋን አሸተት አደረገችና፣ «ይሄ ነገር ምን ምን ነው የሚለው?» ብላ ጠየቀች።

የስፌት ቤቱ ባለቤት፣ ሠራተኛው ሁሉ «ማዳም» የሚላት ሴት፣ ሙሽራይቱን በፈገግታ ሸኝታ በኩርፊያ ተመለሰች።

«ስሚ የኔ እመቤት፣ እኔ የማለብሰው ሙሽራ ነው እንጂ ጥብስ አይደለም። ወይ ዶቃውን ወይ ሽንኩርቱን ምረጪ።»

ለአባቷ ልትነግረው አሰበች። ግን ብነግረው ተመልሶ መብላት ያቆማል ብላ ፈራች። የሆዷን በሆዷ ይዛ፣ ከሥራ ስትወጣ መንገዷ ላይ ካለው ቅመም ወፍጮ ቤት ገባች።

ባለወፍጮው ከእሷ ብዙ የማይበልጥ ወጣት ነው። ቅንድቡና ሽፋሽፍቱ በእርድ ቢጫ ሆኗል። ማሽኑን አጥፍቶ ወደ እሷ ዞረ።

«የነጭ ሽንኩርት ዱቄት አለህ?»

«አለ። ለምንድን ነው የፈለግሽው?»

«ለመብላት ነዋ! ለፊት ይቀቡታል እንዴ?»

ሳቀ። ሲስቅ ከግንባሩ ላይ አቧራው ቦነነ። «አይ፣ ሰው ሁሉ ወስዶ የጋለ ዘይት ላይ ይበትነውና ያርርበታል፤ ይመረዋል። ከዚያ መጥቶ እኔን ይሰድባል። አንቺ እንዳትሰድቢኝ ብዬ ነው።»

«እንዳልሰድብህ ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ለአንድ ፍሬ ነጭ ሽንኩርት የሻይ ማንኪያ ሩብ ይበቃል። በትንሽ ውሃ በጥብጪና አቆዪው። ሽንኩርቱ በስሎ ቲማቲሙን ወይ ውሃውን ስትጨምሪ አብረሽ ጨምሪው። ቀድመሽ እንዳትቸኩዪ።»

«እንደ እርጥቡ ይሆናል?»

ትንሽ አሰበ። «እውነቱን ልንገርሽ? ይመስለዋል እንጂ አይሆነውም።»

በገዛ ዕቃው ላይ እውነት የሚናገር ነጋዴ አይታ አታውቅም ነበር። ቀና ብላ አየችው። እሱም አየት አደረጋትና ማንኪያው ከእጁ ወደቀ። ሁለቱም ሊያነሱት ጎንበስ ሲሉ ግንባር ለግንባር ተጋጩ፤ እሷ ቤቷ ደርሳ መስታወት ብታይ ግንባሯ ላይ ቢጫ ምልክት አለ። አልጠረገችውም።

ዱቄቱ ቶሎ ቶሎ ያልቅ ጀመር፤ ወይም ያለቀ መሰላት። «ገና ትናንትና ወስደሽ» ይላታል ባለወፍጮው፤ «በማንኪያ ነው የምትዝቂው?» እሷም፣ «ተው እንጂ፣ ገበያተኛ ይባረራል እንዴ?» ትለዋለች። ስሟን ትቶ «ዶቃ» ይላት ጀመር። ቀስ በቀስም ብዙ የማትናገረዋ ልጅ ለእሱ ተናጋሪ ሆነች። የእናቷን ሞት፣ የማዳምን ስድብ ነገረችው። አንድ ቀን የጨዉንም ነገር ነገረችው።

«ጨው?» አለ። «ጨው እየወቀጥሽ ነው አባትሽን የምታበዪያቸው?» ዓይኑ እንባ እስኪያቀርር ሳቀ። ከዚያ የእሷን ፊት ሲያይ ሳቁ ቆመ።

«ይሄን ለማን ነገርሽ?»

«ላንተ ብቻ።»

«በቃ፣ እኔ ዘንድ ተቀበረ» አላት። እጇን ሳብ አድርጎ የጣቶቿን ጫፍ አንድ በአንድ አየ። ቆዳው ገጥሟል። «ድነዋል» አለ በለሆሳስ። እጇን ግን አለቀቀም፤ እሷም አልጠየቀችውም።

እንግዲህ ለመጋባት የቀረው የአባትየው እሺታ ነበር።

«ወፍጮ ቤት?» አለ አባቷ ስትነግረው። «እኔ ተሳቢ የነዳሁ ሰውዬ ልጄን ለዱቄት ልሰጥ? በይ ለማንኛውም ይምጣና ምሳ ይብላ። ሰው አበላሉ ላይ ይታወቃል።»

እሑድ ባለወፍጮው ተላጭቶ፣ ቅንድቡን ታጥቦ መጣ። ያለ ቢጫው ቅንድብ ልጅ መሰላት። ሥጋ በድንች ሠርታ ነበር። እንደ ወትሮው ጨዉን ወቀጠች፤ ከመጋረጃው ወዲያ አባቷ ለእንግዳው፣ «ስማው፣ ስማው! ይሄ ነው ሙያ» ሲል ሰማች።

ገበታው ላይ አባቷ ጨዋታው ደራለት።

«ቅመም ትሸጣለህ አሉ። እስቲ ይሄን ቅመሰው። እንደ እናንተ ዱቄት አይደለም፤ ሲወቀጥ በጆሮህ ሰምተሃል።»

ባለወፍጮው ቀና ብሎ እሷን አያት። እሷ ሳህኗ ውስጥ ፈገግ አለች። «በጣም ይጣፍጣል አባባ» አለ።

«እናንተኮ ሰነፍ ሴት ነው የምታበዙት! ያንን ብናኝ በወረቀት ጠቅልላችሁ...»

«እርስዎ ደግሞ፣ ሁሉም ሰነፍ አይደለም እኮ። ጊዜ ያጣም አለ።»

«ጊዜ ያጣ! ሚስቴ ጊዜ ነበራት እንዴ?»

ልጁ ዝም አለ። ጆሮው ቀልቷል፤ ግን ዝም አለ። ያን ዝምታ ስታይ ልጅቷ በኩራት ልቧ ሞላ። የእኔ ሰው ይሄ ነው አለች ለራሷ። ብርቱካን ልታመጣ ተነሥታ ወደ ማዕድ ቤት ገባች።

ብርቱካኑን ቆርጣ ሳህን ላይ ስትደረድር የአባቷ ድምፅ ዝግ ብሎ ተሰማት። አባቷን ታውቀዋለች፤ እንዲህ ዝግ ሲል ወደ እሺታው እየተጠጋ ነው። ከመስማማቱ በፊት ግን አንድ መውጊያ አይቀረውም።

«ልጅ ነህ፤ ክፉ አትመስልም። ግን አስበው፣ ዕድሜ ልኩን ዱቄት ቀምሶ የማያውቅ ሰው ልጁን ለዱቄት ቤት ሲሰጥ ሰው ምን ይላል?»

«አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እርስዎ ዱቄት ቀምሰዋል።»

«የት?»

«እዚሁ። ዝናቡ ከገባ ጀምሮ የሚበሉት የእኔን ዱቄት ነው። ዛሬም የበሉት እሱን ነው።»

«ሲወቀጥ የሰማሁትስ?»

«ጨው ነው።»

የልጁ ድምፅ ቀጠለ፤ ፈገግታ ያለበት፣ የረታ ሰው ድምፅ። «እንግዲህ ዱቄታችን ያን ያህል መጥፎ አይደለም ማለት ነው።»

ልጅቷ ሳህኑን እንደያዘች ከመጋረጃው ኋላ ቆመች። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል ስትሰማ፣ ተረት ነው ብላ የምታልፈው ነገር ነበር። አሁን መሬቱ ጀርባዋን ሲመታት ተሰማት። «ዱቄት» ያለውን እንኳ የሸጠው ራሱ ነው፤ ሳትነግረውም ያውቀዋል። «ጨው ነው» የምትለዋ ግን በዓለም ላይ ከእሷ አፍ ወደ እሱ ጆሮ ብቻ የገባች ነበረች።

መጋረጃውን ገልጣ ወጣች። አባቷ አልተቆጣም። ቢቆጣ በወደደች።

«እውነት ነው?» አለ።

«እውነት ነው አባዬ።»

ከንፈሩን በምላሱ ዳሰሰ፤ የሆነ ነገር እንደጠፋበትና እንደሚፈልገው። «ለካ እናትሽን ረስቻታለሁ» አለ። ተነሥቶ ወደ መኝታ ቤቱ ገባና በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው።

«ዶቃ፣ እኔ እኮ ለጨዋታ ነው...»

«ሂድ» አለችው። ብርቱካኑ አሁንም እጇ ላይ ነበር።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ቀናት አባቷ ዳቦና ሻይ ብቻ ወሰደ። ሬዲዮው ሳይከፈት ይውላል። አንድ ምሽት አጠገቡ ተቀመጠች።

«መጨረሻ እርጥቡን የበላሁት መቼ ነው?» አላት።

ለማስታወስ ሞከረች፤ አልቻለችም። «አላውቅም።»

«እኔም አላውቅም። ምላሴ እሷን የሚያውቅ ይመስለኝ ነበር። ወንድ ልጅ በምላሱ እንዲህ ይታለላል?» ሊስቅ ፈለገ፤ አልሆነለትም። «ለምን አልነገርሽኝም?»

እጆቿን፣ ሙሽራዋን፣ ማዳምን ነገረችው።

«እና ሥራዬን ላጣ ነው ብትዪኝ፣ እኔ ያለ ነጭ ሽንኩርት አልበላም ነበር? ይሄን ያህል ክፉ ነኝ?»

«መብላት ታቆማለህ ብዬ ፈራሁ።»

«ሕፃን አደረግሽኝ እኮ። እንጀራሽን አውቄ ከአፍሽ የምነጥቅ መስሎሽ...» ቃሉን ሳይጨርስ ተወው። ቆይቶም፣ «ልጁ ውሸት አልተናገረም። ከእኔ የተነሣ እንዳትተዪው። እኔ ፈቅጃለሁ» አላት።

እንግዲህ ከፊቷ የቆመ አባት አልነበረም፤ ጉዳዩ የእሷ ብቻ ሆነ። ባለወፍጮውን ትወደው ነበር። ከሥራ ስትወጣ እግሯ ሳትነግረው ወደዚያ ይታጠፋል፤ እየመለሰች ነው ቤቷ የምትደርሰው። አንድ ቀን አልመለሰችውም።

ስታየው ማሽኑን አጠፋ። ቅንድቡ እንደገና ቢጫ ሆኗል።

«ዶቃ!»

«እንደሱ አትበለኝ።»

«አባትሽ መፍቀዳቸውን ከሰፈር ሰው ሰማሁ። ታዲያ ነገሩ ተስተካከለ አይደል? እኔ እኮ አንዲትም ውሸት አልተናገርኩም።»

«እውነት መሆኑን ማን ጠየቀህ? የእኔ ነበር። አስቀምጥልኝ ብዬ ሰጠሁህ፤ አንተ ገበያ አወጣኸው።»

«አባትሽ ሲሰድቡኝ ነበር እኮ! አይተሻል።»

«አይቻለሁ። ዝም ስትል እንዴት እንደኮራሁብህ ብታውቅ። ብርቱካን እስክቆርጥ ድረስ ብትታገሥ ኖሮ አባዬ እኔን ሊሰጥህ ነበር።»

አንድ የቅመም ጣሳ ከጠረጴዛው ላይ አነሣ፤ መልሶ አስቀመጠው። «ይቅር በይኝ» አለ። «እናቴን ይቅርታ በምጠይቅበት አፍ ነው የምጠይቅሽ።»

«ይቅር ብዬሃለሁ።» ከልቧ ነበር።

«ታዲያስ?»

«ታዲያማ ነገ ደግሞ ሌላ ሰው ይነካሃል። የተነካ ሰው እጁ ላይ ያለውን ይመዛል። አንተ እጅ ላይ ያለው ሁሉ የእኔ ነው።» ወደ ጠረጴዛው አንድ እርምጃ ተጠጋች። «ሁለተኛ አላደርገውም በለኝ። እምልልሻለሁ በለኝና እዚሁ እቀመጣለሁ።»

አፉን ከፈተ። ዓይኗን አየ፤ ልመናዋን አየ። በራሱ ውስጥ ፈለገ፤ ብዙ ፈለገ። ከዚያም አፉን ዘጋ።

አልማለላትም። ሊጠብቀው የማይችለውን መሐላ መማል አያውቅበትም ነበር። መጀመሪያ የወደደችው ለዚህ ነበር፤ አሁንም ከዚያ በላይ ወደደችው። ሳትነካው ወጣች። ጥግ እስክትታጠፍ ድረስ ማሽኑ ሲነሣ አልሰማችም።

ቤት ስትገባ አባቷ ከወንበሩ ቀና አለ።

«ከሱ ዘንድ ነው የመጣሽው?»

«አዎ።»

«እና?»

«ተለያየን።»

«ከእኔ የተነሣ?»

«አይደለም አባዬ። የራሴ ጉዳይ ነው።»

አባቷ ፊቷን ተመለከተ። «ያምሻል?» አላት።

ልጅቷ፣ «ኧረ አያመኝም» ልትል አፏን ከፈተች። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ እንደ ልማዷ ቀላልና የተዘጋጀ። መልሳ ዋጠችው።

«በጣም» አለች።