የአባቴ መልስ በሞንታርቦ

«አባቶቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? አገሩ ሰላም ነው? እህሉስ? ከብቱስ? እግዜር ዕድሜ ከጤና ይስ…»

የተቀዳው የአባቴ ድምፅ እዚህ ላይ ሲደርስ ይቋረጣል። ስክሪኑ አመድ ይለብሳል። የማውሷ ቀስት ወዲያ ወዲህ ትላለች እንጂ ምን ብንጫናት አትሰማም።

«አሜን» አሉ ቄስ ደሳለኝ፣ ምርቃቱን በሐሳባቸው ጨርሰው።

«አሚን» አሉ ሼህ ሙሀመድሰይድ።

ከጠዋት ጀምሮ አሜን ስንል ቆይተን ከዕድሜና ከጤና አላለፍንም። እኔ ደግሞ የቸኮልኩት ለምርቃቱ ሳይሆን ከምርቃቱ በኋላ ለሚመጣው ነበር። አባቴ ለመሳፍንት ይሰጠኛል ወይስ አይሰጠኝም?

ጊዜው የካቲት 2005 ዓ.ም. ነው፤ ዕለቱ ቅዳሜ፣ የጾሙ ቅበላ ዋዜማ። ያለነው ቆቦ ውስጥ፣ አንድ ትምህርት ቤት ኮምፒውተር ክፍል ነው። ቆርቆሮው ከላይ ያቃጥላል። ኮምፒውተሩ ፊት የተቀመጠውና ሸሚዙ ከጀርባው ጋር የተጣበቀው የክፍሉ መምህር ራሱ መሳፍንት ነው። አስቡት፤ የራሱን ፍርድ የሚያነብለትን ማሽን በገዛ እጁ እየጠገነ!

መሳፍንትን ያወቅሁት እኔ በምሠራበት መድኃኒት ቤት ነው። ከጎጃም ተመድቦ በመጣ ሰሞን ራሱን ያመው ጀመር። ይመጣል፣ ፓራሲታሞል ይገዛል፣ ይሄዳል። በማግሥቱ ደግሞ ይመጣል። አንድ ቀን ታከተኝ።

«ስማ፣ ይሄ ሁሉ ክኒን ጉበትህን ይጨርሰዋል» አልኩት። «የፈለግከውን ንገረኝና ልገላገል።»

ፊቱ ቀላ። ክኒኑን ከመስታወቱ ላይ አንስቶ ወደ እኔ ገፋው።

«አንድም አልዋጥኩም» አለ። «ቤት ውስጥ ተደርድሯል።»

ሳቄን መያዝ አቃተኝ፤ ከዚያ በኋላ ክኒን ሳይገዛ ይመጣ ጀመር።

ችግሩ አጎቴ ይሁኔ ነው። እናቴ ካረፈች ወዲህ ያሳደገኝ እሱ ነው፤ አባቴ አላምረው የከባድ መኪና ሾፌር ሆኖ ጁባ መንገድ ላይ ነው የሚኖረው። አጎቴ መሳፍንትን «የማይታወቅ ሰው» ይለዋል። «ዘመዱ እዚህ የለ፣ ነገ ዝውውር ሲደርሰው ሻንጣውን ይዞ እብስ ነው» ይላል። ለእኔ ያሰበልኝ የዋጃ ሽንኩርት ነጋዴ ነበር፤ የሰውዬው ሽማግሌዎች ለቅበላው፣ ማለትም በማግሥቱ፣ ሊመጡ ቀጠሮ ይዘዋል።

መሳፍንት አገሩ ሩቅ ስለሆነ ሽማግሌ ያደረገው ያገኛቸውን ነው፦ ቄስ ደሳለኝንና ቤት ያከራዩትን ሼህ ሙሀመድሰይድን። አጎቴ እነሱን «አባቷ ሳይናገር እኔ ምን ቤት ነኝ?» ብሎ መለሳቸው። ቄስ ደሳለኝም «እንግዲያው አባቷን ከአፉ እንስማ፤ የሽማግሌ መልስ በወሬ አይሰማም» አሉ። አባቴ ካለበት ስልክ አይሠራም። ኢንተርኔት ያለበት ከተማ ሲደርስ የእኔንም የአጎቴንም መልእክት አይቶ ድምፁን ቀድቶ አንድ ድረ ገጽ ላይ ጫነና መልእክት ላከልኝ፦ «ከሽማግሌዎቹ ጋር ሆናችሁ ስሙት። ብቻሽን እንዳትከፍቺው።»

እኔም አልከፈትኩትም። ያለ ምስክር ከተሰማ አጎቴ «ቆርጣችሁ ቀጥላችሁታል» እንደሚል አውቃለሁ።

ሼህ ሙሀመድሰይድ ጆሯቸው ስለደከመ መሳፍንት የጠዋት ሰልፉን ትልቅ ድምፅ ማጉያ፣ ሞንታርቦውን፣ ከስቶር አስመጥቶ ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኝቶታል። ሞንታርቦው ይህን ያህል ነው፤ አባቴ «እንደምን ሰነበታችሁ» ሲል የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ከበር ላይ «እግዜር ይመስገን» ብሎ ይመልሳል።

«ሌላው ኮምፒውተር ላይ አይሞከርም?» አለ አጎቴ።

«ኢንተርኔት የሚያገኘው ይሄ ብቻ ነው፣ ጋሽ ይሁኔ።»

መሳፍንት ገጹ የተከፈተበትን ብሮውዘር፣ ፋየርፎክሱን፣ ዘግቶ ከፈተው፤ ያው ነው። በብሮውዘሩ ላይ የተጫኑትን ተጨማሪ ነገሮች ሁሉ አጠፋፋ፤ ያው ነው። ኮምፒውተሩን አጥፍቶ አስነሳው። «እግዜር ዕድሜ ከጤና ይስ…» አመድ።

«አሜን» አሉ ቄስ ደሳለኝ፣ አሁን ትንሽ ሰልችቷቸው።

ኮምፒውተሮቹ የሚሠሩት በዊንዶውስ ሳይሆን በሊኑክስ ነው። መሳፍንት ጥቁር መስኮት ከፍቶ ነጭ ነጭ ፊደል ሲጽፍበት አጎቴ ከወንበሩ ተነሳ።

«ምንድነው እሱ? ምን እያስደገምክበት ነው?»

«ማሽኑን እየጠየቅሁት ነው።»

«ማሽኑን ወይስ እኛን እያሞኘህ? መልሱን ፈርተህ ይሆናላ!»

መሳፍንት መጻፉን ቀጠለ። እኔ ግን ደሜ ፈላ።

«አጎቴ፣ ሰውየው ላቡ እስኪንጠፈጠፍ እየሠራ ነው!»

«አንቺ ዝም በይ። ነገሩ ያንቺ አይደለም።»

የእኔ አይደለም! ጥርሴን ነክሼ ተቀመጥኩ።

ነገሩን ያበረዱት ሼህ ሙሀመድሰይድ ናቸው። «ይሁኔ፣ አብሽር፣ ቁጭ በል» አሉት። «ማሽን ሰው አይደለም፤ እንቢ ካለ እንቢ ነው። እኛ ግን ከፍተን ለመስማት መጥተናል። ዛሬ እንቢ ቢል ለሽበታችን ስትል እስከ ፋሲካ ለማንም ቃል አትስጥ። እስከዚያ አላምረውም ይመጣል።»

አጎቴ ሽበት ይፈራል። ከንፈሩን ነከሰ፣ መሬት መሬት አየ።

«እሺ» አለ በመጨረሻ። «ዛሬ ካልተሰማ የዋጃዎቹን እመልሳለሁ። እስከ ፋሲካ። ከተሰማ ግን የተሰማው ነው።»

መሳፍንት ዘወር ብሎ አየኝ። እኔም አየሁት። ሁለታችንም ያሰብነው አንድ ነገር ይመስለኛል፤ ይሄ ማሽን ባይሠራስ? እስከ ፋሲካ ስንት ነገር ይለወጣል! በዓይኔ «ተወው» ልለው ፈለግሁ፤ ፈራሁ። እሱ ግን ፊቱን ወደ ስክሪኑ መለሰ።

«አንድ ነገር ልሞክር» አለ። የገጹን ድምፅ ዘጋና ቅጂውን አስጀመረው። መስመሩ ያለ ድምፅ ሄደ፣ ሄደ፣ ምርቃቱን አልፎ ሄደ። ድምፁን ሲከፍተው ወዲያው ደረቀ።

«አየሽ?» አለኝ፤ የሚያወራው ለእኔ ብቻ ነበር። «ድምፅ ሲዘጋ ይሄዳል፣ ድምፅ ሲከፈት ይቆማል። በሽታው ብሮውዘሩ አይደለም። ብሮውዘሩ ድምፅ ለማውጣት ተራ እየጠበቀ ነው፤ ተራው አይደርሰውም።»

«ማን ይዞበት?»

ጥቁሩ መስኮት ላይ ጻፈ። ዝርዝር ወረደ። ጣቱን አንድ መስመር ላይ አሳረፈ።

«ይኸው። የእንግሊዝኛ ማዳመጫ ልምምድ። ለተማሪዎች ተብሎ የገባ ነው፤ ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥር አብሮ ይነሳል፣ ከጀርባ ተቀምጦ ሌላ ድምፅ ትንሽ እንደሄደ ነጥቆ ይይዝበታል። ብናስነሳው ብናስነሳው ለዚህ ነው ያልለቀቀን።»

«ማይኩን ይዞ የማይለቅ ሚዜ በለው» አሉ ቄስ ደሳለኝ። አጎቴ እንኳን ሊስቅ ትንሽ ቀረው።

መሳፍንት ፕሮግራሙን አስቆመው፤ ዳግመኛ በራሱ እንዳይነሳም አደረገው። ከዚያ የሞንታርቦውን ገመድ ነቅሎ ኢርፎን ሰካ።

«እንዳያሳፍረን መጀመሪያ እስከ መጨረሻው ልሞክረው» አለና ጆሮው ውስጥ ከተተው።

መስመሩ ይሄዳል። ስክሪኑ አመድ አልለበሰም። መሳፍንት መጀመሪያ ፈገግ አለ፣ ምርቃቱን ማለፉ ነው። ቀጥሎ ፈገግታው ከፊቱ ላይ ቀስ ብሎ ጠፋ። እኔ ቀኑን ሙሉ የሰው ፊት እያየሁ መድኃኒት የምሸጥ ሰው ነኝ፤ ሕመም ሲመጣ አውቀዋለሁ።

መስመሩ አለቀ። ኢርፎኑን አወጣው። እጁ ላይ ይዞት ተቀመጠ።

«እህ?» አለ አጎቴ። «ሠራ?»

አይሠራም በል፤ በሆዴ ጮህኩ። አይሠራም በል፣ መሳፍንት! አንድ ቃል ናት፤ ፋሲካ ድረስ ትወስደናለች።

እሱ አጎቴን አላየም፤ እኔን አየኝ፣ ረጅም። ከዚያ ኢርፎኑን ነቅሎ የሞንታርቦውን ገመድ መልሶ ሰካው።

«ሠርቷል» አለ።

የአባቴ ድምፅ ክፍሉን ሞላው። ሰላምታው፣ ምርቃቱ፣ ከዚያ ከመሳፍንት በቀር ማንም ያልሰማው። «ፍሬዬ፣ ልጄ፣ ድምፅሽ ናፍቆኛል። እናትሽን በሕልሜ አየኋት፤ አንቺን አቅፋ ነበር።» ትንሽ ዝም አለ፤ ማሽኑ አልነበረም፣ እሱ ራሱ ነው። «አባቶቼ፣ የመጣችሁበትን አውቃለሁ፣ ክብሬ ናችሁ። ወንድሜ ይሁኔ ግን የማይታወቅ ሰው ነው ብሎኛል። ወንድሜ ያላወቀውን እኔ ከዚህ ሆኜ አላውቀውም። ልጄን አልሰጥም። ይቅር በሉኝ።»

ግቢው ሁሉ ሰማ። ዘበኛው እንኳን ዝም አለ።

አለቀስኩ፤ አላፈርኩም። ቄስ ደሳለኝ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ሊነሱ ሲሉ አጎቴ ይሁኔ እጁን አነሳ።

«ቆዩ፣ አባ።» ወደ መሳፍንት ዞረ። «አንተ ልጅ፣ በጆሮህ ስትሞክረው ይሄን ሁሉ ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ።»

«እስከ ‹አልሰጥም› ድረስ?»

«እስከ መጨረሻው።»

«አልሠራም ብትለኝ እኔ ምን አውቄ? ቃሌን ሰጥቼ ነበር። እስከ ፋሲካ ቀን ነበረህ።»

«አውቃለሁ፣ ጋሽ ይሁኔ።»

አጎቴ ሽማግሌዎቹን አየ፣ ሞንታርቦውን አየ። በሕይወቴ እንደዚያ ሲቸገር አይቼው አላውቅም፤ ኩሩ ነው፣ ከተናገረው የማይመለስ።

«አባቶቼ» አለ፣ ለሽማግሌዎቹ። «ወንድሜ የተናገረው የእኔን ቃል ነው። አላውቀውም ብዬው ነው እንቢ ያለው። አሁን አውቄዋለሁ። ቃሌን አንስቻለሁ፤ ለአላምረውም እኔው እነግረዋለሁ። የዋጃዎቹንም ነገ እኔው እመልሳለሁ።»

«አልሐምዱሊላህ!» አሉ ሼህ ሙሀመድሰይድ፣ መሬቱን በከዘራቸው መትተው።

አጎቴ ወደ እኔ ሲዞር ዓይኑ ቀልቷል። «አንቺስ? ነገሩ ያንቺ ነው» አለኝ።

«እሺ» አልኩ። «እሺ ነው፣ አጎቴ።»

ሽማግሌዎቹ እየተጨዋወቱ ሲወጡ እኔና መሳፍንት ሞንታርቦውን ልንመልስ ቀረን። ገመዱን እየጠቀለለ ነበር። እጁን ያዝኩት።

«ልታጣኝ ነበር እኮ!» አልኩት፤ ተቆጥቼ ነው፣ የምር። «አይሠራም ማለት አቅቶህ? እኔ በዓይኔ ስለምንህ አላየህም?»

«አይቻለሁ።»

«ታዲያስ?»

ገመዱን መሬት ላይ አስቀመጠው።

«አባትሽ ድምፅሽ ናፍቆኛል ብለውሽ ነበር» አለ። «የአባትሽን ድምፅ ከሰማሽ ስንት ወር ሆነሽ፣ ፍሬ? እኔ ለብቻዬ ሰምቼው እንዴት ልዝጋብሽ?»