ቢጫው መቃን

ሰው በቀለም ይጣላል? ሥርጉትና ተስፋሚካኤል ተጣሉ። ያውም ሽማግሌ ሊልክ አንድ ሳምንት ሲቀረው!

«ቢጫ? የቤት በር ነው ወይስ የታክሲ?» አለች ሥርጉት፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ።

«ቢጫው ይሻላል ብያለሁ፤ በቃ» አለ ተስፋሚካኤል። ቀና ብሎ ግን አላያትም።

የቆሙት ቃሊቲ፣ ገና ቀለም ባልነካው የኮንዶሚኒየም ቤቱ ውስጥ ነው። ይህ ልጅ እንዲህ አልነበረም እኮ! የተዋወቁት ሳሪስ አቦ፣ እሷ መጋረጃ በምትሸጥበት ሱቅ ነው። አቃቂ በሰቃ ካለው የእንጨት ሥራ ቤቱ አንድ የወንበር እግር ተሸክሞ፣ ታክሲ ውስጥ ተጋፍቶ መጣና «ከዚህ ጋር የሚሄድ ጨርቅ ስጪኝ» አላት። ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። በማግስቱ ያንኑ ሊጠይቅ ሌላኛውን እግር ይዞ መጣ። የወንበሩ እግሮች እስኪያልቁ ተመላለሰ፤ ከዚያ በኋላ ምክንያት አላስፈለገውም።

ያን ጊዜ እሷ ባለችው ሁሉ ይስማማ ነበር። አሁን ምን ነካው? እሷ የሚያብረቀርቀውን ሴራሚክ ስትመርጥ ሸካራውን አስነጠፈ። ምንጣፍ አይገባም አለ። በኮሪደሩ ግድግዳ ርዝመት የእንጨት መደገፊያ ሠራ። ሦስተኛ ፎቅ የወጣለትን ዕጣ እንኳ ከሌላ ሰው ጋር ተለዋውጦ ግራውንድ ወርዷል። አሁን ደግሞ እሷ ግራጫ ይሁን ያለችውን የበር መቃን ሁሉ ቢጫ!

ሥርጉትን ግን ውስጥ ውስጡን የሚበላት ሌላ ነገር ነው። አባቷ አቶ ገብረጻድቅ ዕድሜያቸውን ሙሉ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ቀለም ክፍል ጨርቅ ሲነክሩ የኖሩ ሰው ናቸው። አሁን ዓይናቸው ደክሞ ጓዳና ደጁን የሚለዩት በዳበሳ ሆኗል። እናቷ ካረፈች ወዲህ ያላቸው እሷ ብቻ ናት። ስታገባ ማን ሊያያቸው ነው? «አባቴን ይዤ ልምጣ» ልትለው ስንቴ አፏን ከፍታ ስንቴ መለሰችው። ይሉኝታ ያዛት። ገና ሳይጋቡ ሸክም አስከትላ የምትመጣ እንዳትመስለው ፈራች። እምቢ ቢላትስ?

«ተስፍሽ፣ ሽማግሌ እንዳትልክ» አለችው በመጨረሻ። «ይቅርብን።»

ተስፋሚካኤል ክው አለ።

«ትንሽ ብቻ ታገሺኝ» አላት። ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

በማግስቱ መብራት ጠፍቶ ሱቁ በጊዜ ተዘጋ። ሥርጉት ቤቷ ስትደርስ ከግቢው ውስጥ የተስፋሚካኤልን ድምፅ ሰማችና በሩ ላይ ቆመች። ልዩ ልዩ ቀለም የተቀቡ ጣውላዎች ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። አባቷ ራቅ ብለው ከዘራቸውን ተመርኩዘዋል።

«ግራጫውስ፣ አባባ?»

«የለም። ግድግዳው ዋጠው።»

«ይሄኛውስ?»

አቶ ገብረጻድቅ ፈገግ አሉ። «ቢጫዬ! እሱማ ይታየኛል። ግን ትንሽ ቀይ ጣል አድርግበት። እንዲሁ ከሆነ ዓይን ይወጋል፤ ልጄ አትወደውም።»

«እንግዲያው ልንገራት፣ አባባ! ትናንት እኮ ሽማግሌ አትላክ አለችኝ!»

«አንተ ልጅ፣ ቃል ገብተህልኛል። ሰው እጄን ይዞ የሚያስገባኝ የሚያስወጣኝ ከሆነ አልመጣም ብዬሃለሁ። ልጄ ቤት እንግዳ ሆኜ አልጎለትም። መጀመሪያ ብቻዬን ገብቼ ልሞክረው። ካልሆነልኝ፣ በከንቱ ተስፋ አድርጋ እንዳታዝንብኝ።»

ሥርጉት የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፋት። ሸካራው ወለል፣ መደገፊያው፣ ግራውንዱ... ሁሉም ለአባቷ! እሷ ለመጠየቅ ያፈረችውን እሱ ቀድሟት ሲሠራው ከርሟል። እያለቀሰች ገባች።

«አንተ! እኔ እኮ...» አለችው።

ተስፋሚካኤል ቀለም የነካውን እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። «አንቺን ከእሳቸው ነጥዬ ወስጄ የት አኖርሻለሁ?» አላት።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ተስፍሽ» አለችው፤ ከልቧ ነበር።

«በሉ በሉ፣ ዕንባውን ተዉትና ቀለሙን ጨርሱ» አሉ አባቷ።

ቅዳሜ የቤቱ ሥራ አለቀ። ግድግዳው ክሬም ሆነ፤ መቃኖቹ ቀይ ጣል የተደረገበት ሞቅ ያለ ቢጫ። ሥርጉት ደግሞ ከዚያው ጋር የሚሄድ ወፍራም የጥጥ መጋረጃ ሰፍታ ሰቀለች። እውነት ለመናገር ያምር ነበር፤ ታክሲም አይመስልም።

አቶ ገብረጻድቅ ደጃፉ ላይ ከዘራቸውን ለተስፋሚካኤል ሰጡት። «ማንም እንዳይነካኝ!»

ሥርጉት እጇን ልትዘረጋላቸው ስትል ተስፋሚካኤል እጇን ያዘና አልለቅ አለ። አባቷ መደገፊያውን እየዳሰሱ ቀስ ብለው ሄዱ። መሃል ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ፊታቸውን ወዲያና ወዲህ አዞሩ። ከዚያ ቢጫውን መቃን አገኙትና ቀጥ ብለው ወደ ተዘጋጀላቸው ክፍል ገቡ። አልጋው ሲጥ ሲል ተሰማ።

ቆየት ብሎ ከውስጥ ድምፅ መጣ።

«ተስፋሚካኤል!»

«አቤት፣ አባባ!»

«ሽማግሌ የሚላከው ወደ ልጅቷ አባት ቤት አይደል?»

«አዎ፣ አባባ።»

«እንግዲያውስ እዚህ ላካቸው። በሩን እኔ እከፍትላቸዋለሁ።»