የሐቢባ የሳይክል ቤት

ሐቢባ መሐላ ያሰራት ልጅ ነበረች። መሐላ ደግሞ ጨዋታ አይደለም።

አባቷ ሲሞት የሚከራዩ ሳይክሎች ትቶላት ነበር። አዋሽ ሰባት ኪሎ ላይ ጋራዥ የሚሠራውም፣ ሆቴል የሚያስተናግደውም ጠዋት ከእሷ ተከራይቶ ይሄዳል፤ ማታ ይመልሳል። ሁለቱን ግን ሌባ በግቢው አጥር አሻግሮ ወሰደባት። ሰመራ ላይ ሱቅ ያለው ታላቅ ወንድሟ አብዱናሲር ይህን ሲሰማ በስልክ ጮኸባት።

«ሁሉንም ሽጪና ነይ! ከእኔ ሱቅ ትቀመጫለሽ።»

«አልመጣም፣ ወንድም ጋሼ። ቆልፌ የማኖርበት ቤት አሠራለሁ። ከዚያ ወዲያ አንዲት ሳይክል ብትጠፋ ግን፣ ወላሂ፣ ሸጬ እመጣለሁ።»

አለች። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።

በያጁ ጣሃ የመጣው በዚህ መሐል ነው። ከደሴ ከወረደ ገና ሦስት ወሩ፤ ፀሐዩ አፍንጫውን ልጦታል። ሜትሩን ዘርግቶ ግቢውን ለካና ፓፓያው ሥር ቆሞ አሰበ።

«ከአጥሩ ጋር ላጣብቀው?»

«ለሌባው መሰላል ልትሠራለት ነው? ከመስኮቴ ፊት ለፊት አድርገው።»

ሳቀ። ከዚያ የሳይክሎቹን ቁመትና የመሪያቸውን ስፋት አንድ በአንድ ለካ። አንዷን ሦስት ጊዜ ለካት። ሐቢባ ከኋላው ቆማ ስታየው ቁጥሩ ይጠፋበታል።

«ይቺ ሳይክል በየደቂቃው ታድጋለች እንዴ?» አለችው።

አንገቱን ደፋ። ጆሮው ቀላ።

ቤቱ በሳምንት ቆመ። የብረት እግሮቹ በሲሚንቶ ተቀበሩ፤ ሌባ እንዳይፈታው የበሩ ማጠፊያ ከውስጥ ተበየደ፤ ዙሪያውም ጣሪያውም ቆርቆሮ ሆነ። ጣሃ የቀረችውን ቀዳዳ ሁሉ እየፈለገ ደፈነ።

«ጉንዳን አይገባበትም» አለ።

«ጉንዳን ሳይክል አይሰርቅም» አለችው፤ ግን ደስ ብሏታል። ያን ሳምንት ምሳው ሲቀርብለት ሥጋው ከሩዙ ሥር ተደብቆ ይመጣለት ነበር። ልብ ያለው ያያል።

ቤቱ ባለቀ ማግስት ዓርብ ነው። ለጁምዓ ኪራይ ስለሌለ ሳይክሎቹ ተቆልፎባቸው ዋሉ። ወደ ሰባት ሰዓት ሲሆን ከግቢው ዷ! የሚል ድምፅ ተሰማ። ትንሽ ቆየና ዷ! ዷ!

ጎረቤቷ እትዬ ውባንች አልጋቸው ሥር ገቡ። «ኧረ ተኩስ ነው! ሐቢባ፣ ሌባው መሣሪያ ይዞ መጣልሽ!» ይላሉ ከዚያው ሆነው።

ሐቢባ ዱላ ይዛ ወጣች። ሰፈሩ ግር ብሎ ገባ። ከመስጊድ ሲመለስ የነበረው ጣሃም ጫማውን በእጁ ይዞ ሮጦ ደረሰ። በሩ ሲከፈት ሙቀቱ ፊታቸውን ገረፋቸው። ሌባ የለም። የአዋሽ ፀሐይ ቆርቆሮውን ምድጃ አድርጎት፣ ጥርቅም ተደርገው የተነፉት ጎማዎች እየፈነዱ ነበር።

የደጋ ሰው ስህተት! ደሴ ላይ ቀዳዳ የሚደፈነው ብርድ እንዳይገባ ነው። አዋሽ ላይ ማንን ሊያስቀር ኖሯል?

«ምድጃ ነው የሠራህልኝ!» አለችው ሐቢባ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። «በል ዳቦ ጋግርበት!»

ሰው ሳቀ። ጣሃ አልሳቀም፤ አልመለሰላትምም። ወንድ ልጅ ተሰድቦ ዝም ካለ ወይ ንቆሻል፣ ወይ ወዶሻል። ሐቢባ ንቆኝ ነው ብላ ያዘች።

በማግስቱ የብየዳ ቤቱ ዝግ ነው። «በሚኒባስ ወደ ሰመራ ሲሄድ አየሁት» አሏት እትዬ ውባንች። ስልኩም አይሠራም።

ሳይክሎቹ እንደገና ግቢው ላይ ተደረደሩ። ሐቢባ ስምንት ቀን ሙሉ ቁጭ ብላ ጠበቀቻቸው። ዓይኗ ቀላ፤ ጉንጯ ገባ። «ሰዳቢዋም እኔ፣ ናፋቂዋም እኔ» ትላለች ለራሷ፣ እየተናደደች።

በዘጠነኛው ቀን ወንድሟ ደወለ። «አዋሽ ልገባ ነው፤ ጠብቂኝ» ብሎ ዘጋው።

ነገሩን ሰምቷል፤ ሸጠሽ ነይ ሊለኝ ነው፤ አለቀልኝ አለች።

ሚኒባሱ ሲቆም አብዱናሲር ወረደ። ከኋላው ጥቅል ሰሌን የተሸከመ ሰው ተከተለው። ጣሃ ነው።

«ይሄ ሰውዬ» አለ አብዱናሲር፣ «ሱቄ ድረስ መጥቶ ‹ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እህትህን ሸጠሽ ነይ አትበላት፤ አንድ ዕድል ስጠኝ› አለኝ። አባረርኩት። በነጋታው መጣ። አባረርኩት። በሦስተኛው ቀን ሻይ አዘዝኩለት፤ ምን ላድርግ?»

ሐቢባ ጣሃን አየችው። ለማልቀስም ለመሳቅም አልመች አላት።

«ስልክህስ?»

«ደግመሽ እንዳትሰድቢኝ ፈርቼ ዘጋሁት።»

«ሰሌኑስ?»

«ከሰመራ ወጣ ብሎ አንዲት የአፋር እናት የሰሌን ቤታቸውን ሲተክሉ አየሁ። ቀትር ነው፤ ውስጡ ግን ይነፍሳል። ያስተምሩኝ አልኳቸው። ‹እናንተ የደጋ ሰዎች ሙቀቱን ቤት ውስጥ ታስሩትና ለምን አልወጣህም ትሉታላችሁ› አሉኝ። ስቀውብኝ ስቀውብኝ ሲያበቁ አስተማሩኝ።»

ቆርቆሮው ተነሣ። በምትኩ ጣሃ ፌሮ ብረት አጠጋግቶ በየደ፤ ክንድ ያስገባል፣ ሳይክል አያሳልፍም። ከጣሪያው ብረት በላይ ሰሌኑን ድርብ አድርጎ አለበሰው፤ በድርቡ መሐል የነፋስ መተላለፊያ ተወ።

ሥራው እንዳለቀ አብዱናሲር በቀትር ፀሐይ ሌባ ሆነ። ሳይክል በብረቶቹ መሐል ሊያወጣ ታገለ። መፍቻ ይዞ ማጠፊያውን ፈለገ። ጣሪያው ላይ ወጣና ሸሚዙን ቀደደ። በመጨረሻ እጁን አስገብቶ ጎማ ዳሰሰ።

«ምንም አልሞቀም» አለ። ላቡን ጠረገ። «አልሐምዱሊላህ! በቃ፣ ሰመራ የምትመጪው ለዒድ ልትጠይቂኝ ብቻ ነው።»

እህቱን ግንባሯን ስሞ ወደ ሚኒባሱ ሄደ።

ሁለቱ ቀሩ። ሐቢባ ምሰሶውን ተደግፋ መሬት ላይ ተቀመጠች። ጣሃ ጀርባውን ሰጥቷት ቁልፉን እየነካካ ጀመረ።

«ሐቢባ፣ እኔ ብረት እንጂ ነገር ማገጣጠም አላውቅም። ያን ቀን ዝም ያልኩሽ ንቄሽ አይደለም። ሰመራ የሄድኩትም ለሳይክሉ ብዬ አይደለም። ከፈቀድሽ... ለወንድምሽ ሽማግሌ ልልክ ነው።»

ፈራ ተባ እያለ ዞረ።

ተኝታለች። የስምንት ቀን ጭንቀት ከላይዋ ሲነሣ እንቅልፍ ባለችበት ጥሏታል፤ አፏ እንኳ ትንሽ ተከፍቷል።

ሌላው ወንድ ተቀይሞ ይሄድ ነበር። ጣሃ ፀሐይዋ ወዴት እንደምትዞር አየ፤ የተረፈውን ሰሌን አንሥቶ ጥላ ሠራላት፤ ራሱ ፀሐይ ላይ ተቀመጠ።

ወደ አሥር ሰዓት ነቃች።

«ምን እያልክ ነበር?»

«ረጅም ነው። ከመጀመሪያው ልጀምር?»

ሰሌኑን አየች፤ ከዚያ ፀሐይ የለበለበውን አንገቱን። ከጥላው ሥር ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችለት።

«ጀምር» አለችው። «የምሄድበት የለኝም።»