ሳህሊቱን ፍለጋ

«ሳህሊቱ እኔ ነኝ» አሉ ከስልኩ ማዶ አንዲት ሴት።

ሀኒፋ ስልኩን ወደ ጆሮዋ አስጠጋች። ከትምህርት ቤት ወደ ቤት የምትወጣው ዳገት መሀል ላይ፣ ቦርሳዋን በአንድ ትከሻዋ እንዳንጠለጠለች ቆመች። አንድ ባጃጅ ጥሩንባውን እያስጮኸ አልፏት ሄደ። ሴትዮዋ ዝግ ባለ አነጋገር፣ ወንድማቸው ሞገስ ይባል እንደነበር፣ በሱማሌ ጦርነት ጊዜ ከምንጃር ከሚሊሺያው ጋር ዘምቶ እንደቀረ ነገሯት። እሳቸው ያኔ ገና የወተት ጥርሳቸውን ያልጨረሱ ልጅ ነበሩ።

«ልጄ፣ ስሜን ከማን ሰማሽው?»

«ከአያቴ ነው» አለች ሀኒፋ። «እሳቸው ደግሞ ከወንድምዎ አፍ ነው የሰሙት።»

ሀኒፋ እናቷ ለሥራ ሪያድ ከሄደች ወዲህ ያደገችው በአያቷ በአቶ አብዱልቃዲር እጅ ነው። እሳቸው በአረፋ በዓል ሰሞን ካረፉ ወዲህ ግን በዚያ ግቢ ውስጥ የሚያናግራት ሰው ጠፍቷል። አጎቷ ጃዕፈር ጫት ነጋዴ ነው፤ ጠዋት ገለምሶ ከሆነ ከሰዓት በኋላ ጭሮ ነው፣ ቤት ሲገባም ስልኩ ከጆሮው አይወርድም። ማታ ማታ የሁለቱን ራት የምታቀርበው እሷ ነበረች፤ የምትበላው ግን ብዙ ጊዜ ብቻዋን ነው።

የወታደሩን ታሪክ አያቷ ለእሷ ደጋግመው ነግረዋታል፤ ጃዕፈር ቁጭ ብሎ ሰምቶት አያውቅም። ወጣት ሳሉ፣ አንድ ማለዳ ጫት ሊቆርጡ ማሳቸው ቢወርዱ፣ እግሩ ያበጠ፣ ጠመንጃ ያልያዘ ሰው ከቁጥቋጦው ሥር ተኝቶ አገኙ። በትኩሳት ይቃጠል ነበር። መኪና በመንገዱ ባለፈ ቁጥር መሬት ለመሬት እየተሳበ ሊደበቅ ይሞክራል። ከጦሩ የከዳ መሆኑን ለማወቅ ቋንቋ አላስፈለጋቸውም። የከዳ ወታደር ያስጠጋ ሰው እንደሚረሸንም ያውቃሉ። ቢሆንም አንስተው ተሸከሙትና ከብቶቹ ከሚያድሩበት ጓዳ አስተኙት።

አያቷ በዚያ ዘመን አማርኛቸው ከገበያ አያልፍም ነበር። ሰውየውም ኦሮምኛ አያውቅም። ከእሳቸው የተማረው «ቢሻን» ማለትን ብቻ ነው፤ ውሃ ሲፈልግ እንደዚያ ይላቸዋል። እሳቸውም ከእሱ የያዙት ጥቂት ቃል ነው፦ ሞገስ፣ ምንጃር፣ ሳህሊቱ። የመጨረሻውን ስም በትኩሳቱ ውስጥ አብዝቶ ይጠራው ስለነበር ሚስቱ ትመስላቸው ነበር። ሲሞት ማሳው ዳር፣ ከዋንዛው ሥር ቀበሩትና ድንጋይ ከመሩበት። ዘመኑ ተለውጦ ሰው እንደልቡ መናገር ሲጀምር፣ ወደዚያ አገር የሚያልፉ የጭነት መኪና ሹፌሮችን ጠይቀው ነበር። ሹፌሮቹ ምንጃር ሰፊ ነው ብለው ሳቁባቸው።

አያቷ ከሞቱ በኋላ ጃዕፈር ድንጋዮቹን አንስቶ ቦታውን ችግኝ ሊተክልበት አሰበ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ማሳው ጠባብ ነው፣ ዘመዱን የሚያውቅለት ሰው የሌለ መቃብር ደግሞ ለእሱ የድንጋይ ክምር ነው። ሀኒፋ ስትለምነው፣ ክረምቱ እስኪገባ እታገስሻለሁ አላት። እሷም የምንጃር ተወላጆች በሚሰባሰቡበት የፌስቡክ ገጽ ላይ፣ ሞገስ የሚባል ዘማች ወንድም ወይም ባል የነበራት ሳህሊቱ የምትባል ሴት የሚያውቅ ካለ ብላ ስልኳን ጻፈች።

የመጀመሪያው መልስ «ይቺ ደግሞ በስንት ብር ልትነግረን ነው?» የሚል ነበር። ክፍል ውስጥም ወሬው ተዛመተና ልጆቹ «የሙታን ፖሊስ» እያሉ ሙድ ይይዙባት ጀመር። ከሁሉ የከበዳት ግን የሚካል ነገር ነው። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ አብረው የተቀመጡ ጓደኛሞች ናቸው። ሚካል ሳትጣላት፣ ሳታኮርፋት፣ እንዲሁ አንድ ሰኞ ዕቃዋን ይዛ ከኋላ ከእነ ሰልዋ ጋር ተቀመጠች።

እንግዲህ የሳህሊቱ ስልክ የመጣው ሁሉም ነገር ጭር ባለበት በዚያ ሰሞን ነው።

በማግስቱ ልጃቸው ማቲዎስ ደወለ። አስተማሪ ነው፤ በትሕትና ነው ያናገራት። አጎቱ ካራማራ ላይ ሲዋጋ ወደቀ ተብሎ ለቤተሰቡ እንደተነገረ፣ በሰፈሩ የጀግና ቤት እየተባሉ እንደሚጠሩ፣ እሱም ልጆቹን በዚህ ታሪክ እንዳሳደገ አጫወታት። ለመቃብሩ የሚቆም ድንጋይ ሊያስቀርጽ አስቧል፤ «ለእናት ሀገሩ የተሰዋ» የሚል። በየትኛው ውጊያ ላይ እንደቆሰለ ማወቅ ፈለገ።

ሀኒፋ ስትመጡ እነግራችኋለሁ አለችና ስልኩን ዘጋች።

ሌላ የምታማክረው ሰው ስላልነበራት፣ በእረፍት ሰዓት ሚካልን ከውሃ ቧንቧው አጠገብ ጠበቀቻት። ሚካል ነገሩን ሰምታ ትከሻዋን ሰበቀች።

«ሲዋጋ ሞተ በያቸዋ፣ በቃ። ደስ ብሏቸው ይሄዳሉ።»

«ሸሽቶ ነው የወጣው፣ ሚካል።»

«ማን ያውቃል? አያትሽ የሉም። ከአንቺ በቀር አንድም ሰው አያውቅም እኮ። አታካብጂው።»

ሚካል ወደ እነ ሰልዋ ተመለሰች። ሀኒፋ ግን ያች «ከአንቺ በቀር» የምትለዋ ቃል ቀኑን ሙሉ ተከተለቻት። እውነት ነው። ያን ሰው እንደነበረው የሚያውቀው፣ በዚህች ምድር ላይ የቀረው ሰው እሷ ብቻ ናት። ብትዋሽ የሚያርማት የለም፤ እውነቱን ብትናገር ደግሞ የሚመሰክርላት የለም።

እንግዶቹ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መናኸሪያ ወረዱ። ሳህሊቱ፣ ሀኒፋ በድምፃቸው ከገመተቻቸው ይልቅ ደቃቃ ሴት ናቸው። ነጠላቸውን አስተካክለው ጉንጯን እያገላበጡ ሳሟት፤ ሰው እንደዚያ ከሳማት ቆይቷል። ባጃጅ ይዘው በገለምሶ መንገድ ወጡ።

ማሳው ዳር ሲደርሱ በድንጋዮቹ ዙሪያ ያለው ሣር ታጭዶ አገኘችው። ጃዕፈር ራቅ ብሎ ማጭድ ይዞ ቆሟል። ለእንግዶቹ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ሰላምታ ሰጠ።

ሳህሊቱ ተንበርክከው አንዱን ድንጋይ ሳሙ። ድምፅ ሳያሰሙ ብዙ አለቀሱ። ማቲዎስ ባርኔጣውን አውልቆ ጠበቀና፣ እናቱ ሲረጋጉ ወደ ሀኒፋ ዞረ።

«እንግዲህ ንገሪን እህቴ። እንዴት ነበር?»

የሚካልን ዓረፍተ ነገር መንገድ ላይ ስታጠናው ነበር። አጭርና ቀላል ነው። አፏን ስትከፍት ሳህሊቱን አየቻቸው፤ እጃቸውን ከድንጋዩ ላይ ሳያነሱ፣ ጆሯቸውን ወደ እሷ አዘንብለው ይጠብቃሉ። ስማቸውን በትኩሳት ውስጥ ሲጠራ የነበረው ሰው እግራቸው ሥር ነው።

«ውጊያ ላይ አይደለም የሞተው» አለች ሀኒፋ። «ጦሩን ትቶ ወጥቶ ነበር። ጠመንጃም አልያዘም። ቀን እየተደበቀ፣ ማታ እየተጓዘ ነው እዚህ የደረሰው። በሽታ ነው የገደለው።»

የማቲዎስ ፊት ተለዋወጠ። እርግጠኛ ነሽ ወይ ሲል ጠየቃት፤ ራሷን በአዎንታ ስትነቀንቅ ባርኔጣውን መልሶ ደፍቶ ወደ መንገዱ ጥቂት ራቅ አለ። ሀኒፋ ያጠፋች መሰላት። እንባዋ መጣ፤ ግን ተናግራዋለች።

ሳህሊቱ ቀና አሉ። «ወዴት ነበር የሚጓዘው?»

«ወደ ቤቱ» አለች ሀኒፋ። «አያቴ ወዴት ትሄዳለህ ብለው በእጃቸው ሲጠይቁት፣ ፀሐይ ወደምትጠልቅበት እያሳየ ምንጃር ይላቸው ነበር። ከዚያ የእርስዎን ስም ይጠራል።»

ሴትዮዋ ከድንጋዩ ላይ የረገፈ ቅጠል በእጃቸው ጠረጉ።

«እናቴ እስክትሞት ድረስ ማታ በር አታስቀረቅርም ነበር» አሉ። «ካራማራ ቀርቷል እየተባለች። ሰው ሁሉ ሞኝ ናት ይል ነበር፤ እኔም እል ነበር። ይኸው እየመጣ ኖሯል።»

ማቲዎስ ይህን ሰምቶ ተመለሰና ከእናቱ አጠገብ ቁጢጥ አለ። ስለሚቀረጸው ድንጋይ ማንም አላነሳም። ጥቂት ቆይቶ፣ የመጨረሻው ሚኒባስ ሳያመልጠን እንሂድ አላቸው በለሆሳስ። ሳህሊቱ አልተነሱም። የበላውን፣ የተኛበትን፣ ሌላ ያለው ነገር ካለም ሁሉንም መስማት ይፈልጋሉ።

ሀኒፋ ሰማዩን አየች። የአያቷ ክፍል ከቀብራቸው ቀን ጀምሮ እንደተቆለፈ ነው፤ በደጃፉ ስታልፍ ፊቷን አዙራ ነው የምታልፈው። አልጋው ግን ሰፊ ነው።

«ዛሬ እኛ ዘንድ ያድራሉ» አለቻቸው። «ብዙ አለ የምነግርዎ።»

ከዚያ ቁልፉን ልትጠይቀው ወደ አጎቷ ሄደች።