የጳጉሜን ባነሮች

ሐዋ ይመር ጠዋት ማተሚያ ቤት ስትገባ መጀመሪያ የምታየው የትኛው ባነር እንደሞተ ነው። የምረቃ ባነር፣ የሱቅ መክፈቻ ቲሸርት፣ የስብሰባ ቦርሳ፣ ሁሉም ቀኑ ሲደርስ ይሞታል። እሷም ስክሪኑ ላይ ታየውና «አላህ ይማረው» ብላ ሥራዋን ትጀምራለች። ቀልድ ነው እንጂ የሚለቀስለት ነገር የለውም። የሥራ መደቧ በወረቀት ላይ «የሕትመት ዘመን ወሳኝ» ይላል፤ የደሴ ሰው ግን «ዕድሜ ቆራጯ ሐዋ» ነው የሚላት።

ባነሩ የሚታተመው «ተመላሽ» በሚሉት ጨርቅ ላይ ነው። ከእንጉዳይ ክርና ከሸንኮራ ገለባ ይበቅላል፤ ቀኑ ሲደርስ ወደ አፈር ስለሚመለስ ነው ተመላሽ የተባለው። ሞቱ ያለው ቀለሙ ውስጥ ነው። ከቀለሙ ጋር የተኛ ዘር አብሮ ይታተማል፤ ዘሩ በተወሰነለት ማለዳ ይነቃና ጨርቁን በልቶ በልቶ በሁለት ሰዓት ውስጥ ጥቁር አፈር ያደርገዋል። ክፉ ነገር ነው እያልኩ አይደለም። የድሮው የፕላስቲክ ባነር ቦዩን ሁሉ ደፍኖ፣ ላም ሆድ ውስጥ ገብቶ፣ የቦርከናን ወንዝ የቆሻሻ ገንዳ አድርጎት እንደነበር ሽማግሌ ሁሉ ያወራል። ዛሬ ቦርከና ውስጥ ዓሣ አለ። ሐዋ በዚህ ትኮራ ነበር፤ መኩራትም ይገባታል።

ጳጉሜን አራት ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ስክሪኑ በማግሥቱ ማለዳ የሚሞቱትን ዘረዘረ። የመጀመሪያውን መስመር ስታነብ ክው አለች። ጥላ ኢንሹራንስ፣ ትልልቅ ባነር፣ አራት መቶ አሥራ ሁለት።

«ኧረ በአላህ!» አለች ብቻዋን ጮክ ብላ። «እነዚህ እኮ የመስከረም ናቸው!»

ጥላ ኢንሹራንስ ባነሮቹን ነሐሴ አሥር ለምሥረታ በዓሉ ሲያሰቅል አንድ ወር ይቆዩ ብሎ ነበር ያዘዘው። እሷም ጠርዛቸው ላይ «እስከ መስከረም 10» ብላ ጻፈች፤ ለማሽኑ ደግሞ «አንድ ወር» ብላ አዘዘችው። እዚህ አገር ነሐሴ አሥር ላይ ሆኖ «አንድ ወር» ያለ ሰው መስከረም አሥር ማለቱ ነው። ጳጉሜንን ማን ወር ብሎ ይቆጥራታል? ደመወዝ እንኳ የላትም። ዘንድሮ የመጣው አዲሱ ማሽን ግን ቆጠራት። ከነሐሴ አሥር አንድ ወር ሲቆጥር ጳጉሜን አሥር ላይ ደረሰ፤ እንደዚያ የሚባል ቀን ሲያጣ ደግሞ ወደ መጨረሻዋ ቀን፣ ወደ ጳጉሜን አምስት መለሰው።

ሌላ ጊዜ ቢሆን አሥር ቀን ቀድሞ የሞተ ባነር ማንንም አያስለቅስም። ዘንድሮ ግን ነሐሴ ሃያ የጦሳ ተራራ ተናደና ሦስት መንደር ወሰደ፤ የተረፈው ሰው ሜዳ ላይ ወደቀ። ቀበሌው ሸራ አልነበረውም፤ ሸራ ከፕላስቲኩ ጋር አብሮ ቀርቷል። ስለዚህ የጥላን ባነሮች ከየመንገዱ አውርዶ ድንኳን አደረጋቸው። የቆርቆሮው ቤት መስከረም ስምንት ይደርሳል፣ ባነሩ እስከ መስከረም አሥር ይቆያል ተባለ። ሰውም ጠርዙ ላይ የተጻፈውን አይቶ አመነ።

ቀለሙን አጥቦ የባነር ዕድሜ ለማራዘም የባለ ስሙ ማኅተም ያስፈልጋል። ሐዋ ለጥላ የማስታወቂያ ኃላፊ፣ ለአቶ ናሁሠናይ ደወለች።

«በጣም አዝናለሁ፣ ወይዘሮ ሐዋ» አላት፤ ድምፁም በእውነት ያዘነ ይመስል ነበር። «ግን ‹ንጹሕ እጅ› የሚባለውን ምስክር ወረቀት የምናገኘው ያሳተምነው ሁሉ ዓመቱ ሳያልቅ አፈር ከሆነ ነው። ዓመቱ ደግሞ ነገ ያልቃል። የእርስዎ ስሕተት ለእኛ ሲሳይ ነው የሆነው።»

«ሰው እኮ ከሥሩ ተኝቷል! አራስ አለች!»

«እሱም ሌላ ጣጣ ነው፣ እህቴ። ስማችን ጭቃ ውስጥ እየታየ ነው። ይሙት።»

ስልኩን ዘጋው። ቀበሌ ደወለች፤ ባለ ስሙ ሳይፈቅድ የባነሩን ቀለም ማጥፋት በሕግ ያስጠይቃል አሏት። ቢያስጠይቅስ! በስሕተት የታተመ ቀለም የሚያስለቅቁበትን ፈሳሽ ስምንት ቆርቆሮ ሙሉ በመኪናዋ ጭና ወደ ሜዳው ወጣች። ቀለሙ ሲታጠብ ዘሩም አብሮ ይታጠባል፤ ባዶው ጨርቅ ዓመት ይኖራል። ሁሉም ከተረባረበ ሳይመሽ ያልቃል ብላ አስባ ነበር።

ሜዳው ላይ ዝናቡ ያለ ፋታ ይወርዳል። የተፈናቃዮቹ ተጠሪ አባ ይማም ከልጃቸው ከአሚናት ድንኳን ደጃፍ ቆመው ተቀበሏት። አሚናት ከወለደች ዘጠኝ ቀኗ ነው። በድንኳኗ ጣሪያ ላይ ሰው የሚያክሉ ፊደሎች «ጥላ፦ ከጎንዎ ነን» ይላሉ።

«አባ ይማም፣ ቀለሙን እንጠበው። ካልታጠበ ነገ ማለዳ በላያችሁ ላይ ይፈርሳል።»

«እስከ መስከረም አሥር ይላል» አሉ፣ ጠርዙን በጣታቸው እያሳዩ።

«እሱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ተሳስቼ ነው፤ ጳጉሜንን ረስቼ።»

ሽማግሌው ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት። «ማን ላከሽ?»

«ማንም አልላከኝም።»

«ትናንት የጥላ ሰዎች መጥተው ፎቶ አንስተው ሄዱ። ዛሬ ደግሞ አንቺ ስማቸውን ልታጠፊ መጣሽ። ከጎንዎ ነን ይላል እኮ! ይሄ ስም በላያችን እስካለ ድረስ አናውቃችሁም ሊሉን አይችሉም። ናዳ የወሰደውን ቤታችንን የሚሠሩልን እነሱ ናቸው።»

«እውነት ነው!» አለች አንዲት ሴት ከኋላ። «አላህ ሳይደግስ አይጣላም፤ ይኸው በትልቅ ስም ሥር አኖረን። ማስረጃችንን ልታጠፋብን ነው!»

ሰዉ ተንጫጫ፤ ሁለት ጎረምሶች ቆርቆሮዎቹን መልሰው መኪናው ላይ ጫኑባት። ሐዋ እንባዋ መጣ።

«በአላህ ይዤዎታለሁ፣ የአሚናትን ብቻ ልጠብ። ወይ ደግሞ ቤቴ ልውሰዳት።»

«አራስ አርባዋ ሳይወጣ ደጅ አትወጣም። የእሷንማ በተለይ አትነኪም።»

አሚናት ከውስጥ ሆና «አባዬ፣ ብታጥበውስ ምን አለበት?» አለች።

«ዝም በይ ልጄ፣ ብርድ ይመታሻል» አሉና የድንኳኑን በር ዘጉ።

በማግሥቱ ማለዳ ሐዋ ብርድ ልብስ ጭና ተመለሰች። መጀመሪያ የተበሱት ፊደሎቹ ነበሩ። ዝናቡ በ«ከጎንዎ ነን» በኩል ገባ፤ ከዚያ ጨርቁ ሁሉ ጥቁር ጭቃ ሆኖ በሰዉ ራስ ላይ ወረደ። አራት መቶ አሥራ ሁለት ድንኳን ባንድ ጊዜ። ጩኸቱ ከተማው ድረስ ተሰማ። ሐዋ አሚናትን ሕፃኗን ደረቷ ላይ እንደለጠፈች አገኘቻት፤ ሁለቱም ርሰው ነበር። መኪና ውስጥ አስገባቻቸው፤ ወደ ጤና ጣቢያው የሚወስደው መንገድ ግን በናዳ ተቆርጦ ስለነበር ዙሪያ ጥምጥም ሄዱ። ጤና ጣቢያው ደጃፍ ሲደርሱ ሕፃኗ አትተነፍስም ነበር።

ከቀብር መልስ አባ ይማም ማተሚያ ቤት መጡ። በጋቢያቸው ጫፍ የቋጠሩትን ፈትተው ሐዋ ጠረጴዛ ላይ ዘረገፉት። ጥቁር፣ ልም፣ ንጹሕ አፈር ነው፤ ምን ዘር ቢዘሩበት የሚያበቅል።

«ይሄ የጥላ ባነር ነው» አሉ። «ስማቸው ነበረበት ብለሽ ጻፊልኝ።»

«አባ ይማም፣ የገደልኳት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እኔን ይክሰሱኝ።»

«አንቺን ከስሼ ምን ላገኝ፣ ልጄ?» ቁጣ እንኳ አልነበራቸውም። «አንቺም እንደኔው ነሽ። ስማቸው ነበረ በይልኝ።»

ጻፈችው፤ ከሥሩም ሙሉ ስሟን አኖረች። ማሽኑ ግን ወረቀትም ቢሆን ዕድሜ ሳይሰጠው አያትምም። ሕጉ የሚፈቅደው ረጅሙ አንድ ዓመት ነው፤ ያንን ሰጠችውና አትማ በእጃቸው አኖረችላቸው።

«ዓመት ብቻ ነው የሚቆየው፣ አባ ይማም» አለች፣ ዓይናቸውን ማየት አቅቷት።

ሽማግሌው ወረቀቱን አጥፈው ደረታቸው ሥር ከተቱት።

«ዓመትማ ይበዛል» አሉ። «እነሱ ስማቸውን የሚያከብሩ ሰዎች ናቸው።»